ቂም ይዞ ጸሎት

አባቶች ሲተርቱ፥ ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይህ ተረት አጭር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ያስተምራል። ሌባ በሌሊት ወደ ሰው ቤት ሊገባ ቢወድ እግሩን እያሳሳ ይሄዳል፥ ትንፋሹንም ያፍናል። ሳል የያዘው እንደ ሆነ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከበሩ ሲደርስ ሳሉ ይመጣበታል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ባለቤቱም ይነቃል። ሌባውን ያስያዘው ሌላ ሰው አይደለም፤ በገዛ ደረቱ ይዞት የመጣው ሳል ነው። ቂም ይዞ የሚጸልይ ሰውም እንዲሁ ነው። ከንፈሩ ምሕረትን ይለምናል፤ በልቡ ያለው ቂም ግን ይጮኽበታል።

ቂም ምንድር ነው? ቂም ሐዘን አይደለም፤ የተመታ ሰው ቢያመው፥ የተሰደበም ሰው ቢያዝን ኀጢአት አይሆንበትም። ቂም ቍጣም አይደለም። ቍጣ እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ፈጥኖ ይነድዳል፥ ፈጥኖም ይጠፋል። ቂም ግን እንደ ተዳፈነ ፍም ነው። ሴቶች ማታ እሳቱን በአመድ ይዳፍኑታል፤ ለሚያየው ሰው የጠፋ ይመስለዋል። በነጋ ጊዜ ግን አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ይነድዳል። ቂመኛም ሰው ክፉውን ነገር በልቡ ዳፍኖ ያሳድረዋል። ቀን ሲሄድበት አይጠፋም፤ ጊዜ ሲያገኝ ያነድደዋል። ስለዚህ ቂም የደረሰ በደል ብቻ አይደለም፤ ሰው ወድዶ የሚያኖረው፥ እየጠበቀም የሚመግበው በደል ነው።

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች በአንድ አግዳሚ ይቀመጡ ነበር። የአባቶቻቸው እርሻ ጎን ለጎን ነበረ፤ በመካከሉም ባለው ወሰን ምክንያት ሙግት ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች እሳት አይጫጫሩም፥ ቡናም አይጠራሩም ነበር። ልጆቹም በአንድ መንገድ እየሄዱ፥ በአንድ መጽሐፍ እያነበቡ፥ ሰላምታ አይሰጣጡም ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ሳይጀመር አንደኛው ልጅ መጽሐፉን ይዞ ወደ ባልንጀራው ቀረበና፥ ይህ ፊደል ማን ይባላል? ብሎ ጠየቀው። ፊደሉ ጰ ነበረ፤ ልጁ ግን ከጸ ለመለየት አቅቶት ነበር። የተጠየቀው ልጅ ደኅና አድርጎ ያውቀዋል። ነገር ግን ፊቱን አዙሮ፥ አላውቅም አለው። ጥቂት ቈይቶ መምህሩ ያንኑ ልጅ አስነሥተው እንዲያነብ አዘዙት። ከዚያ ፊደል ሲደርስ ተሳሳተ፤ ተማሪዎቹም ሣቁበት። ከሁሉ ይልቅ የሣቀው ያ ፊደሉን የደበቀው ልጅ ነበረ።

ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስበው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረውን ጸሎት ደገሙ። ልጁም ከሌሎቹ ጋር ይደግም ነበር። ነገር ግን ስለ በደል ይቅርታ ከሚለምነው ስፍራ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። በዚያ ስፍራ የሚጸልየው ሰው ራሱ መስፈሪያውን ያቀርባል፤ ለሌላው በሰፈረበት እንዲሰፈርለት ይለምናል። ልጁ ጧት የሰፈረውን አሰበ፤ ያን መስፈሪያ ለራሱ ሊለምን ፈራ።

ከጸሎቱ በኋላ አያቱን ጠየቀ። እማማ፥ እነዚያ ሰዎች የበደሉን ምንድር ነው? አላቸው።

ሦስት ፈር ያህል ወሰን ገፍተው አርሰውብናል ይባላል፥ ልጄ፤ ነገሩ የአባትህና የአባቱ ነው፥ ሽማግሎች ይዩት አሉት።

ልጁስ ምን አደረገን? አላቸው።

አያቱ ጥቂት ዝም ብለው፥ እርሱማ ምን ያደርጋል? ያን ጊዜ እርሱም አንተም በእናቶቻችሁ ጀርባ ታዝላችሁ ነበር አሉት።

በማግሥቱ ልጁ ማልዶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ባልንጀራውንም በበሩ ቆሞ ጠበቀውና፥ ትናንት አላውቅም ያልሁህ ዋሽቼ ነው፤ ይህ ጰ ነው፥ ጰራቅሊጦስ በሚለው ቃል መጀመሪያ ታገኘዋለህ አለው። የወሰኑ ሙግት በዚያ ቀን አልተፈረደም። ሦስቱ ፈር መሬትም ወዲህ ወይም ወዲያ አልሄደም። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬቱን እንጂ ጠቡን እንዳይወርሱ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይታያል። ፊተኛው፥ ቂም የሚወረስ መሆኑ ነው። ልጁ ከባልንጀራው ምንም አልተበደለም ነበር፤ ከቤቱ የተቀበለውን ሸክም ግን እንደ ራሱ አድርጎ ይሸከም ነበር። ደም እየተባለ አንድ የሞት በደል ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያውን ያላየ ሰው በመጨረሻው ይሞትበታል። ሁለተኛው፥ ቂም ብቻውን የማይኖር መሆኑ ነው። በልጁ ልብ በገባ ጊዜ ሐሰትን ጠራ፤ ሐሰትም በሰው ውርደት መደሰትን ጠራች። ሦስተኛው፥ ቂም ባለቤቱን ከጸሎት የሚያቋርጥ መሆኑ ነው። ባልንጀራው በዚያች ሌሊት ተኝቶ አድሮ ይሆናል፤ እንቅልፍ ያጣው ግን ቂመኛው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር ሊል እንደሚገባው ጌታን ጠየቀ። ሰባት ጊዜ ቢል ብዙ መስሎት ነበር። ጌታ ግን ቍጥሩን ከሰባት ወደ ሰባ ጊዜ ሰባት አወጣው፤ ስለ ሁለት ባለ ዕዳዎችም ምሳሌ ነገረው። ፊተኛው ለንጉሥ እልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሡም ራርቶ ሁሉን ተወለት። ያው ሰው ግን ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘና በወህኒ አኖረው።

መቍጠር የሚችል ተማሪ ይህን ሒሳብ በሰሌዳው ይሥራው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበረ። አንድ ዲናርም የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበረ። እልፍ መክሊት ማለት እንግዲህ 60,000,000 ዲናር ነው። ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ይህን ዕዳ ለመክፈል 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። የባልንጀራው ዕዳ ግን የ100 ቀን ሥራ ነው። የንጉሡ ዕዳ ከዚህ 600,000 ጊዜ ይበልጣል።

ነገር ግን በዚህ ምሳሌ መቶው ዲናር ምንም አይደለም አልተባለም። ለድኻ ሰው የመቶ ቀን ድካም ትልቅ ነገር ነው። የተበደለ ሰውም በደሉ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ምሳሌው የሚያስተምረው ትንሹ ዕዳ የለም ብሎ አይደለም፤ ከትልቁ ዕዳ አጠገብ አቁሞ በማስተያየት ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የተተወለትን ሲረሳ ሌላው ያጠፋበት ነገር ተራራ ይሆንበታል። የተተወለትን ባሰበ ጊዜ ግን ተራራው በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ይሆናል፤ በእጅ የተያዘውንም ድንጋይ መጣል ይቻላል።

ዳሩ ግን ሌላ ተረት አለ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላል። ይህም እውነት አለው። ጠባሳ ያለበት ሰው ገላውን በታጠበ ቍጥር ያየዋል። እንግዲህ ይቅርታ መርሳት ከሆነ፥ የተወጋ ሰው እንዴት ይቅር ሊል ይችላል?

የዮሴፍ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወንድሞቹ ወደ ጕድጓድ ጣሉት፥ በ20 ብርም ተሸጠ። በግብፅ ባሪያ ሆነ፤ በሐሰት ተከስሶ ታሰረ። 30 ዓመት ሲሆነው በፈርዖን ፊት ቆመና በአገሩ ሁሉ ላይ ተሾመ። በዚያም ሁለት ልጆች ወለደ። የበኵር ልጁን ስም ምናሴ አለው፤ ይህም እግዚአብሔር መከራውን እንዳስረሳው ለማስታወስ ነው። የሁለተኛውን ስም ኤፍሬም አለው፤ ይህም በመከራው አገር ፍሬ እንዳፈራ ለመናገር ነው። የሁለቱ ስሞች ተራ ሊስተዋል ይገባል። አስቀድሞ መተው፥ ቀጥሎም ማፍራት መጣ። ቂም በያዘው ልብ ፍሬ አይበቅልም፤ መሬቱ አስቀድሞ ተይዟልና።

ነገር ግን ምናሴን የወለደው ዮሴፍ የተደረገበትን ነገር ከአሳቡ አላጠፋውም። ወንድሞቹ በራብ ምክንያት እህል ሊሸምቱ በመጡ ጊዜ ወዲያው አወቃቸው። ራሱን ሲገልጥላቸውም የሸጡት እርሱ መሆኑን በግልጥ ነገራቸው፤ ምንም አላደረጋችሁም አላላቸውም። የረሳው እንግዲህ ታሪኩን አይደለም፤ የታሪኩን መርዝ ነው። ጠባሳውን ያያል፥ ቍስሉ ግን አያመረቅዝም። የተወጋ ሰው ሊያደርገው የሚችል መርሳት ይህ ነው።

ሌላም ሰው እንዲህ ይላል፤ ይቅር ብለው በደለኛው ይደፍረኛል፥ ደግሞም ይበድለኛል። ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ ይቅርታንና ዝምታን መለየት ያስፈልጋል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ወዲያው አላመናቸውም። አስቀድሞ ፈተናቸው፤ ይሁዳ ስለ ታናሹ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ ሊሰጥ እንደ ወደደ ባየ ጊዜ ግን ልባቸው እንደ ተለወጠ ዐወቀ፥ ጮኾም አለቀሰ። በቀልን መተው በአንድ ቀን ይሆናል፤ መታመን ግን እንደ ዛፍ ቀስ ብሎ ያድጋል።

በአገሩ ልማድም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፥ የሁለቱንም ቃል ይሰማሉ። ያጠፋው ሰው ጥፋቱን እንዲያምን፥ ካሳ የሚገባ እንደ ሆነም እንዲክስ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያስታርቋቸዋል። ሽማግሎች በደሉን አልሸፈኑም፤ ቂሙን ግን ነቀሉት። ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። ምሕረትን ያገኘ ሰው የሰውን ገንዘብ ይመልሳል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ወይም ጓደኛው በክፋት የሚጎዳው ልጅ ዝም ሊል አይገባውም፤ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ወይም ለመምህሩ ይንገር። አቤት ማለት ቂም አይደለም። አቤት ባይ እውነት እንዲወጣና ክፋት እንዲቆም ይፈልጋል፤ ቂመኛ ግን ሌላው ሰው እንዲጠፋ ይፈልጋል።

ደግሞም በደለኛው ይቅርታ ሳይለምን ቢቀር፥ ወይም በሩቅ አገር ቢኖር፥ ወይም ቢሞት፥ እርቅ ላይሆን ይችላል፤ እርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋልና። ቂምን ከልብ ለማውጣት ግን አንድ ሰውና እግዚአብሔር ይበቃሉ።

ለዚህ ነገር የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት ሊታሰብ ይገባል። እርሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓመት ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጥዋ ደረሰ። በ1870 ዓመት በዚያ ነጻ ወጣ፥ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም ገባ። በ1872 ዓመት በፋሲካ ቀን ተጠምቆ አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ጠቃሚ ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፥ የፊልሞና ባሪያ የነበረውን አናሲሞስን ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኖታል፤ ዕዳም ቢኖርበት ራሱ ሊከፍል ተስፋ ሰጥቶታል።

አናሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን አገር ሄዶ ተማረ። በዚያ ተቀምጦ በደስታ ሊኖር፥ የተሸጠበትንም አገር እንደ ክፉ ሕልም ሊተው ይችል ነበር። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለመተርጐም ብዙ ዓመት ደከመ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት በዚህ ሥራ ብዙ ረዳችው። መጽሐፉም በ1899 ዓመት በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 ዓመት ወደ ወለጋ ተመለሰ፥ በነቀምቴም ሕፃናትን አስተማረ። ከዚያም በኋላ ተከሰሰ፥ እንዳይሰብክም ተከለከለ፤ ነገር ግን በ1931 ዓመት እስኪሞት ድረስ ከዚያው አልራቀም። በልቡ የነበረውን ሁሉ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል፤ ሥራው ግን ይታያል። ከልጅነቱ ተነጥቆ ከተወሰደበት ምድር የበቀል ጦር ይዞ አልመጣም፤ መጽሐፍና ፊደል ይዞ መጣ። አንድ እጅ ጦርና መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አይይዝም።

እንግዲህ ቂም እንዴት ይነቀላል? ይህን ከገበሬ መማር ይቻላል። በእርሻ ውስጥ ሰርዶ የገባ እንደ ሆነ ላዩን ማጨድ አይረባም፤ ሥሩ በመሬት ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራልና በዝናብ ጊዜ እንደ ገና ይወጣል። ጤፍ ሊዘራ የሚወድ ገበሬ ያርሳል፥ ይደግማል፥ ይሠልሳል፤ የወጣውንም ሥር ለቅሞ ከእርሻው ያወጣዋል። አንድ ጊዜ ባረሰ ጊዜ ሰርዶው ቢቀር፥ እርሻው አይሆንም ብሎ በሬዎቹን አይፈታም።

ይቅር የሚልም ሰው እንዲህ ያድርግ። አስቀድሞ የደረሰበትን በደል ሳይቀንስና ሳይጨምር በጸሎት ለእግዚአብሔር ይንገር። ሁለተኛ፥ ራሱ ያጠፋው ነገር እንዳለ ይመርምር፤ ካለም ሄዶ ይመን። ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፥ ፀሐይ ሳይገባ ይህን ያድርግ፤ በሌሊት የተዳፈነ ፍም በጧት ይነድዳልና። አራተኛ፥ ለበደለው ሰው አንድ ትንሽ መልካም ነገር ያድርግለት፤ ሰላምታ ቢሆን፥ ፊደል ማሳየትም ቢሆን። በማግሥቱ ቂሙ ደግሞ ቢነሣበት አይደንግጥ፥ ትናንት ይቅር ያልሁት ሐሰት ነበር አይበል። ገበሬው እንደሚደግም እርሱም ይድገም። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ብዙ ጊዜ ለሚበድል ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዱን በደል ብዙ ጊዜ ይቅር ማለት ለሚያስፈልገውም ልብ ይሆናል።

ሰው በቁመቱ የሚያድገው ምግብ በመብላት ነው፤ በመንፈስ የሚያድገው ግን የሚበጀውን በመቀበልና የማይበጀውን በመጣል ነው። ብዙ ጥቅስ በቃሉ ያጠና፥ መዝሙርም ያወቀ ልጅ ቂም ከያዘ ገና አላደገም። ጥቂት ያወቀ፥ ነገር ግን ባልንጀራውን በበሩ ቆሞ የጠበቀ ልጅ አድጓል።

ሳል የያዘው ሌባ በጨለማ ይመጣል፥ እየፈራም ይቆማል። ቂሙን የጣለ ሰው ግን ወደ እግዚአብሔር ሲቀርብ እንደ ሌባ አይሸሸግም። ልጅ ወደ አባቱ ቤት እንደሚገባ፥ በቀን በብርሃን በበሩ ይገባል።